ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል

እሑድ ዕለት ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ፣ ዋርካ ሥር ቡና እየጠጣን ነበር። የእህቴ ልጅ ስልኬን ነጥቆ ጌም ይጫወታል። ጌሙ ውስጥ ያለው ደን ሰማያዊ ጥድ ብቻ ነው፤ ቅጠሉ መርፌ፣ ቁመቱ ሰማይ የሚነካ። የመንደሩ ሰው ለምክር የሚሰበሰበው እሱ ሥር ነው። ለእናቴ ሲያሳያት መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደች። "ይሄ ጥላ አለው እንዴ? ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል" ብላ ወደ ሲኒዋ ተመለሰች።

"እምቧጮ ምንድነው?" አለ ልጁ።

ከእምቧይ ጋር እንዳታምታቱት። እምቧይ ቢጫ ፍሬ ያለው እሾሃም ነው። እምቧጮ ግን መንገድ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ለጋውን ላጥ አድርገው ሲያኝኩት ይኮመጥጣል። እረኛ የነበረ ያውቀዋል። ጥላው ለዶሮም አይበቃ።

አድባር ቃሉ የግዕዝ ነው። ደብር ተራራ ማለት ሲሆን ሲበዛ አድባር ይሆናል። እየቆየ ሰፈሩን ይጠብቃል የሚባለው መንፈስ፣ መንፈሱ ያድርበታል የተባለው ትልቅ ዛፍም አድባር ተባለ። ሥሩ ቡና ይፈላል፣ ግንዱ ቅቤ ይቀባል፣ የተጣላ ይታረቃል። ለዚህ ደግሞ እንደ ዋርካ የሚመች የለም፤ ቅርንጫፉ ወደ ጎን ተዘርግቶ ስንቱን ያስጠልላል። ጥድ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አያስብም። (በነገራችን ላይ የሐበሻው ጥድ ከጌሙ ጥድ ጋር ስም እንጂ ዘር አይጋራም። የእኛው ጁኒፐር ነው፤ ባለ መርፌ ቅጠሉ ፓይን ላገራችን መጤ ነው።)

ተረቷ አሽሙር ናት። የሚበልጠው ስለጠፋ ብቻ ወንበር ላይ ለወጣ ሰው ትወረወራለች። እኔ ግን ከእምቧጮው ይልቅ ዋርካውን የምትወቅስ ይመስለኛል። የት ሄዶ ነው?

የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ አጥቶ ወራት ቆየ። በመጨረሻ አንድ ወጣት "እኔ ልሞክር" ብሎ ተነሳ። ከኋላ አንድ አዛውንት ይህችኑ ተረት ጣል አደረጉ፤ ቤቱ ሳቀ፣ ልጁ አንገቱን ደፋ። እኚሁ አዛውንት ሁለት ጊዜ ተመርጠው ሁለቴም "አመመኝ" ብለው የቀሩ ናቸው። ልጁ እስከ ዛሬ መዝገቡን እሱ ነው የሚይዘው። የተቀደደውንም ድንኳን አስጠግኗል።