ኢኮ ላይ "ማይልድ ኤምአር" ሲል ምን ማለት ነው?

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤቴ ትላንት ማታ የልጃቸውን የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ወረቀት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው መጡ፣ "ልቡ ያፈሳል አሉኝ፣ ሊሞትብኝ ነው ወይ ልጄ" እያሉ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው ማይልድ ኤምአር ነው። ኤምአር ማለት በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መሃል ያለው በር፣ ማይትራል ቫልቭ የሚባለው፣ በደንብ ስለማይገጥም ልብ ሲጨመቅ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል ማለት ነው እንጂ ደም ከልብ ወጥቶ ይፈሳል ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ደረጃው ማይልድ (ቀላል)፣ ሞደሬት (መካከለኛ)፣ ሲቪር (ከባድ) እያለ ይሄዳል፣ ትሬስ (በጣም ትንሽ) ካለማ ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል።

"ኢሲጂ ተነስቶ ደህና ነው ተብሎ ነበር እኮ" አሉኝ ደግሞ። ኢሲጂ የልብን ኤሌክትሪክና ምት ነው የሚያየው፣ ማፍሰሱን በቀጥታ አያሳይም። ኢኮ ግን በድምፅ ሞገድ ነው የሚሰራው፣ ጨረር የለውም፣ ደረት ላይ ጄል ቀብተው በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ስክሪን ላይ ያዩታል፣ ደሙ ቀይና ሰማያዊ ሆኖ የሚታየውም አቅጣጫውን ለማሳየት ነው እንጂ ደሙ ተበላሽቶ አይደለም።

እኛ አገር ብዙ ጊዜ መነሻው የልጅነት የጉሮሮ ህመምን ተከትሎ የሚመጣ የሩማቲክ በሽታ ስለሆነ፣ በየ3 ወይ በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ከታዘዘ ማይልድ ነው ተብሎ ቀኑ እንዳያልፍ፣ ቀጣዩ ኢኮ መቼ እንደሆነም ዶክተሩን ጠይቃችሁ አስጽፉ።