የስኮላርሺፕ እድሳት ምንድን ነው?

«የአራት ዓመት ስኮላርሺፕ አገኘሁ» የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው የአንድ ዓመት ስኮላርሺፕ ነው። አንዳንዴም የአንድ ሴሚስተር። የቀረው ቃል የተገባለት እንጂ የተሰጠው አይደለም። በየዓመቱ ወይም በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሰጪው አካል ትራንስክሪፕቱን ያያል፣ መስፈርቱን ያያል፣ ከዚያ «ይቀጥል» ወይም «ይቁም» ይላል። እድሳት የሚባለው ይህ ውሳኔ ነው።

ስኮላርሺፕ ስለማግኘት የሚወራው ብዙ ነው። ስለማቆየት የሚናገር ሰው ግን አይበዛም። እኔን የሚቆጨኝ ደግሞ ክፍል የማይገባ ተማሪ ገንዘቡን ሲያጣ አይደለም። ሌሊቱን ሲያነብ የሚያድር ጎበዝ ልጅ፣ በነጥብ ሽራፊ፣ ያውም ሕጉን ቀድሞ የሚነግረው ሰው አጥቶ ሲያጣው ነው።

ስለማግኘቱ ጥቂት እንበል፤ የማቆያው ሕግ የሚመጣው ከዚያው ነውና። በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ፣ የቤተሰብ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ አለ፣ ሁለቱን የሚያጣምርም አለ። በውጤት የሚሰጠው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተቀመጠውን ነጥብ ያሟላ ሁሉ የሚያገኘው ነው። በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ የሚሰጠው ሆፕ ስኮላርሺፕ እንዲህ ነው። የግዛቱ ነዋሪ ሁለተኛ ደረጃን በ3.0 አማካይ ውጤት ጨርሶ ሌሎቹን መስፈርቶች ካሟላ ይገባዋል፤ ከማንም ጋር አይፎካከርም።

ሁለተኛው የፉክክር ነው። እዚህ ላይ ውጤት ከበር ያስገባል እንጂ አያስመርጥም። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ ተማሪዎችን ወደ ኦክስፎርድ የሚወስደው ሮድስ ስኮላርሺፕ ከውጤት ጋር ጠባይንና የመምራት ችሎታን ይመዝናል። የእንግሊዝ መንግሥት ለማስተርስ የሚሰጠው ቺቭኒንግ ደግሞ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ያ ከሌለ የትኛውም ጂፒኤ፣ ማለትም የኮርሶች አማካይ ውጤት፣ አያድንም።

በፉክክሩ ውስጥ ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው የድጋፍ ደብዳቤን ነው። «ታታሪና ጨዋ ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ኮሚቴው ፊት ብዙም አይፈይድም። ሁሉም ደብዳቤ እንደዚያ ይላልና። «የላብራቶሪ ውጤቷ ከሌሎቹ ሲለይባት ዝም ብላ አላስረከበችም፤ መሣሪያው የት ላይ እንደሚሳሳት ፈልጋ አገኘች» የሚል ግን ይታወሳል። መምህሩ ይህን እንዲጽፍ ማስታወስ አለበት፣ መቶ ተማሪ የሚያስተምር ሰው ደግሞ ይረሳል። ስለዚህ ደብዳቤ ስትጠይቁ የሠራችሁትን ፕሮጀክት ወይም ወረቀት አያይዙለት። ቀነ ገደቡ ነገ ሆኖ ሳይሆን ሳምንታት ሲቀሩት ጠይቁት።

እንግዲህ ተገኘ እንበል። አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው።

በጣም የተለመደው የማቆያ መስፈርት ድምር ጂፒኤ ነው። ከ4.0 ውስጥ 3.0 የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ኤ 4፣ ቢ 3 ነጥብ ስለሆነ 3.0 ማለት በአማካይ ቢ ነው፣ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ድምር ጂፒኤ እንደ ፈተና ውጤት በአንድ ጊዜ የሚነሳና የሚወድቅ ነገር አለመሆኑ ነው። ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር 15 ክሬዲት (ክሬዲት የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) ወስዶ 2.4 አመጣ እንበል። በዓመቱ መጨረሻ 3.0 ይፈለግበታል። በሁለተኛው ሴሚስተር ስንት ማምጣት አለበት? ብዙዎች «3.0 ካመጣሁ ይበቃል» ብለው ያስባሉ። አይበቃም። በ30 ክሬዲት 3.0 ለማግኘት 90 ነጥብ ያስፈልጋል። እጁ ላይ ያለው 15 ሲባዛ በ2.4፣ ማለትም 36 ነው። የቀረው 54 ለ15 ክሬዲት ሲካፈል 3.6 ይሆናል። ቢ የከበደው ልጅ አሁን ከግማሽ በላይ በሆኑት ኮርሶቹ ኤ ማምጣት አለበት። በመጀመሪያው ሴሚስተር ያመጣው 2.0 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁሉም ኤ መሆን ነበረበት።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። 75 ክሬዲት ጨርሳ 3.1 ያላት ተማሪ አንድ መጥፎ ሴሚስተር ገጠማት፣ 15 ክሬዲት ላይ 2.5 አመጣች። ሂሳቡ ሲሠራ ልክ 3.0 ላይ ታርፋለች፣ ተረፈች። ያመጣችው 2.4 ቢሆን 2.98 ይሆናል። ብዙ ሰጪዎች ደግሞ 2.98ን ወደ 3.0 አያጠጋጉም። በተቃራኒው 75 ክሬዲት ላይ 2.8 ይዞ የደረሰ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ወደ 3.0 ለመመለስ ድፍን ኤ ያስፈልገዋል። ክሬዲት በበዛ ቁጥር ጂፒኤ ለመውረድም ለመውጣትም ይከብዳል።

ለዚህ ነው አንደኛ ዓመት ላይ ቀለል አድርጎ መጀመር የሚያዋጣው። ስንፍና አይደለም። ከባዱን ካልኩለስ፣ ከባዱን ፊዚክስና ከባዱን ኬሚስትሪ በአንድ ሴሚስተር መደራረብ ጀግንነት ይመስላል። ነገር ግን ዲፓርትመንቱ ካላስገደደ በቀር ማከፋፈሉ ይሻላል። አዲስ ከተማ፣ አዲስ መኝታ ክፍል፣ አዲስ የፈተና ዓይነት፣ ሁሉም በዚያው ሴሚስተር ነው የሚመጣው።

ጂፒኤ ብቻውን አይደለም። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወድቅበት ሁለተኛው መስፈርት የክሬዲት ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። አንድ ኮርስ ሲከብድ የሚመጣው ምክር «ዊዝድሮው አድርገው (ማለትም ሴሚስተሩ መሃል ላይ ተወው)፣ ጂፒኤህን አይነካም» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ጂፒኤን አይነካም። ክሬዲትን ግን ይነካል። የአሜሪካ ፌዴራል የተማሪዎች ድጋፍ ሕግ ለምሳሌ ተማሪው ፕሮግራሙን በተለመደው ርዝመቱ 150 በመቶ ውስጥ፣ ማለትም የአራት ዓመቱን በስድስት ዓመት፣ መጨረስ የሚችል መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከሞከረው ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። አሁን ሂሳቡን እዩት። 15 ክሬዲት የተመዘገበ ተማሪ ሁለት ባለ 3 ክሬዲት ኮርሶችን ዊዝድሮው አደረገ፣ የቀሩትን ሦስቱን ኤ አመጣ። ጂፒኤው 4.0 ነው። ያለፈው ግን ከ15 ውስጥ 9 ነው፣ 60 በመቶ። ድፍን ኤ ይዞ ከመስመር በታች ሆነ።

ዊዝድሮው ከድሮፕ ጋር አንድ አይደለም። በሴሚስተሩ መጀመሪያ በአድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መጣያ) ጊዜ የተጣለ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የተተወው ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቀራል፣ «ሞክሮ ያልጨረሰው» ተብሎም ይቆጠራል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ የአንድ ቀን ነው። ከሬጅስትራር የአካዳሚክ ካላንደሩን ወስዳችሁ ያንን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

በየዓመቱ 30 ክሬዲት የሚጠይቅ ስኮላርሺፕም አለ። 12 ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ያሰኛል ተብሎ ሁለቱንም ሴሚስተር 12 የወሰደ ተማሪ ዓመቱን በ24 ይጨርሳል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው፣ ስኮላርሺፑን ግን ያጣል። ከዚያ ክረምት ላይ የሚያድን ኮርስ ፍለጋ ይጀመራል። ያውም ሰጪው የክረምት ኮርስ የሚቆጥር ከሆነ።

ከውጤቱ ውጪ ያሉት ግዴታዎች የሚለያዩት በሰጪው ነው። የትምህርት ዘርፍ መቀየር የማይፈቅድ አለ። በየዓመቱ አጭር ሪፖርት የሚጠይቅ አለ፣ ቅጹን በጊዜው ባለመሙላት ብቻ የሚቀርም አለ። ከሌላ ቦታ ተጨማሪ ስኮላርሺፕ ስታገኙ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ድጋፍ በዚያው ልክ ሊቀንስ ይችላል፤ ደስ ብሏችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። ቺቭኒንግ ትምህርቱ ሲያልቅ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የአሜሪካው ቲች ግራንት ይመስለኛል። መምህር ለመሆን ለሚማሩ የሚሰጥ ነፃ ገንዘብ ነው። ተማሪው ከተመረቀ በኋላ በስምንት ዓመት ውስጥ አራቱን ዓመት በዝቅተኛ ገቢ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት፣ መምህር በሚያንስበት የትምህርት ዓይነት ካላስተማረ፣ ነፃ የነበረው ገንዘብ ወደ ብድር ይለወጣል። ወለዱም የሚቆጠረው ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለውን ውል ወጣት ተማሪ ብቻውን ባይፈርመው እመርጣለሁ። ከቤተሰብ ወይም ከሚያምኑት መምህር ጋር ቁጭ ብሎ፣ አንቀጽ በአንቀጽ ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመፈረም በፊት መጠየቅ አለበት። «ባለፈው ዓመት ይህን ስኮላርሺፕ ከያዙት ተማሪዎች ስንቱ ታደሰለት?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ጥያቄ በተለይ በከርቭ ውጤት በሚሰጥበት ቦታ ወሳኝ ነው። ከርቭ ማለት ስንት ተማሪ ኤ፣ ስንቱ ቢ እንደሚያገኝ ገደቡ ቀድሞ የተቀመጠበት አሠራር ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ሁሉም ጎበዝ ቢሆን እንኳ ሁሉም ከአማካይ በላይ ሊሆን አይችልም። ስኮላርሺፑ ለግማሹ ክፍል ተሰጥቶ ማቆያው ከላይኛው ሲሶ ውስጥ መገኘት ከሆነ፣ የተወሰኑት እንደሚያጡት ገና ሳይጀመር የታወቀ ነው። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይህ ብዙ ቅሬታ አስነስቶ ነበር። ዛሬ እዚያ ዕውቅና ያለው የሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ስኮላርሺፕ ስንት ተማሪ ይዞ እንደገባና ስንቱ እንደተቀነሰበት ወይም እንደተወሰደበት በግልጽ ማሳወቅ አለበት። ሌላው ቦታ ማንም ሳይጠየቅ አይነግራችሁም። መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልሱን የሚሸሽ ሰጪ ደግሞ በራሱ ብዙ ይነግራችኋል።

ውጤት መውረድ ሲጀምር የአብዛኛው ተማሪ ስሜት መደበቅ ነው። ከአማካሪው ይሸሻል፣ ኢሜይል አይከፍትም። እባካችሁ አትሸሹ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሴሚስተሩ ከማለቁ በፊት አማካሪው ብዙ ማድረግ ይችላል፦ ኮርስ ማሸጋሸግ፣ ኢንኮምፕሊት ማስያዝ (ያላለቀውን ኮርስ በኋላ ለመጨረስ ማቆየት)፣ ሕመም ካለ በፈቃድ ለአንድ ሴሚስተር ማስወጣት። ግሬድ ከገባ በኋላ ግን የሚቀረው በር ይግባኝ ነው።

ይግባኝ የልመና ደብዳቤ አይደለም። ጥሩ ይግባኝ ሁለት ነገር ይመልሳል፦ ምን ተፈጠረ? አሁንስ ምን ተለወጠ? «አባቴ ታመው ነበር» ካላችሁ የሆስፒታሉን ወረቀት አያይዙ። ቀጥሎ የሚመጣው ክፍል ነው ብዙዎች የሚዘሉት። አሁን ማን ያስታምማቸዋል? በሳምንት ስንት ሰዓት ሥራ ትቀንሳላችሁ? የትኛውን ኮርስ ትደግማላችሁ? ኮሚቴው ሐዘናችሁን ቢረዳም የሚፈርመው የሚቀጥለው ሴሚስተር የተለየ እንደሚሆን ሲያምን ነው። ከተፈቀደ ብዙ ጊዜ በፕሮቤሽን ነው የሚሆነው፤ ለአንድ ሴሚስተር ገንዘቡ ይቀጥላል፣ ውጤቱም በቅርብ ይታያል።

ይግባኙ ባይሳካም ነገሩ ሁልጊዜ አላበቃም። ሆፕ ለምሳሌ የተማሪውን ውጤት 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ላይ ይመዝናል። ከ3.0 ወርዶ ያጣው ተማሪ በኋላ ባለው መመዘኛ ወደ 3.0 ከተመለሰ አንድ ጊዜ መልሶ ማግኘት ይችላል። ሁለተኛ ካጣው ግን በቃ። ሌሎች ስኮላርሺፖችም የየራሳቸው የመመለሻ ሕግ ሊኖራቸው ይችላል፣ በማቋረጫው ደብዳቤ ላይ ግን ሁልጊዜ አይጻፍም። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰ ሳምንት ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ «ውጤቴን ካስተካከልኩ ከየትኛው ሴሚስተር ጀምሮ፣ በስንት ጂፒኤ መመለስ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በቃል ሳይሆን በኢሜይል ተቀበሉ፤ የዛሬው ሠራተኛ የዛሬ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ላይገኝ ይችላል።