ሙስካዴ፦ የናንት ነጭ ወይን

ሙስካዴ በምዕራብ ፈረንሳይ፣ የሏር ወንዝ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሊገባ ሲቃረብ፣ በናንት ከተማ ዙሪያ የሚመረት ስኳር የሌለው (ድራይ የሚባለው ዓይነት) ነጭ ወይን ነው። አብዛኛው ምርት የሚገኘው ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሴቭርና ሜን በተባሉ ሁለት ትንንሽ ወንዞች ስም ከሚጠራው አካባቢ ነው። ከጣፋጩ ሙስካት ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ምንም ዝምድና የላቸውም። ስሙ ከምስክ ሽታ የመጣ ነው ይባላል፤ ያን ሽታ ወይኑ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ግን ይቸግራል።

ፍሬው ሜሎን ደ ቡርጎኝ ይባላል። ስሙ እንደሚናገረው ትውልዱ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቡርጎኝ ነው። የዘረመል ምርመራም ሻርዶኔ የተባለው የታዋቂው ነጭ ወይን ፍሬ ወንድም መሆኑን አረጋግጧል። በተወለደበት አገር ቦታ ያጣ ልጅ፣ በውቅያኖሱ ዳርቻ ባለርስት ሆነ።

እንዴት ወደ ናንት እንደደረሰ ሲተረክ ሁለት ነገር ይነሣል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው የሆላንድ ነጋዴዎች ናቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን ናንት ወደብ እየመጡ ነጭ ወይን ይገዙ ነበር፤ የሚፈልጉት ግን ለመጠጥ ሳይሆን አንጥረው ብራንዲ ለማውጣት ነበር። ስለዚህ ገበሬው ቀይ ዝርያውን እየተወ ወደ ነጩ ዞረ። ሁለተኛው የ1709 ብርድ ነው። በዚያ ዓመት ጥር ወር ወንዞች ድንጋይ ሆኑ፣ በባሕሩም ዳር በረዶ ጋገረ፤ የወይን ግንድ እየተሰነጠቀ ሞተ። ብርዱ ካለፈ በኋላ በብዛት የተተከለው ሜሎን ነው፤ ውርጭ ስለሚችልና ቶሎ ስለሚደርስ። ከዚያ በፊትም በአካባቢው ነበረ የሚሉ አሉ፤ ሳይኖርም አይቀርም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ እርሻውን አወደመ፤ በ1936 የሴቭርና ሜን ወይን ሕጋዊ ስያሜ አገኘ።

የሙስካዴ ዋናው ምስጢር አተላው ነው። ጠላ በሚጠመቅበት ቤት አተላ ቢበዛ ለከብት ይሰጣል። የናንት ወይን ሠሪ ግን ወይኑ ፈልቶ ካበቃ በኋላ አያጠልለውም፤ የብርዱን ወራት ሁሉ ከደቀቀው እርሾ ጋር ይተወዋል። ይህ «ሱር ሊ» ይባላል፣ በአተላው ላይ ማለት ነው። ጠርሙስ ውስጥ የሚገባው ከመጋቢት ወር ወዲህ ነው። ውኃ ውኃ ይል የነበረው ወይን ከዚህ በኋላ ጥቂት ወፈር ይላል፣ የትኩስ ዳቦ ሽታም ይይዛል። ብርጭቆ ላይ ሲቀዳ ከጎኑ ጥቃቅን አረፋ ይታያል፤ ምላስም ላይ በስሱ ይቆነጥጣል።

«ርካሽ የአሳ ወይን» የሚለው ስም ያላግባብ ተጣብቆበታል። ከ2011 ጀምሮ ክሊሶን፣ ጎርዥና ለ ፓሌ የተባሉ የአካባቢው ቦታዎች ወይናቸውን በራሳቸው ስም እንዲሸጡ ተፈቅዶላቸዋል። የክሊሶን መሬት ግራናይት፣ የጎርዥ ጋብሮ የተባለ ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፤ ወይናቸው በአተላው ላይ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ጠርሙስ ውስጥም ያረጃል። ለ ፓሌ ፈላስፋው ፒየር አቤላር በ1079 የተወለደባት መንደር ናት፤ ለጣዕሙ ባይጨምርም መጥቀሱ አይከፋም።

አብሮት ከሚበላው ምግብ የመጀመሪያው ኦይስተር የተባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ነው። ዛጎሉ ተከፍቶ በጥሬው፣ ከነጨው ውኃው ይበላል፤ ብዙ ሰው ሎሚ ይጨምቅበታል። ሙስካዴ ካለ ሎሚው አያስፈልግም፣ ኮምጣጣነቱ ያንን ሥራ ይሠራል። የተጠበሰ ሰርዲንና ሽሪምፕም ይስማሙታል። የናንት ሰዎች የሚኮሩበት ግን «ቤር ብላን» የተባለው የቅቤ ስጎ ነው፤ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት በኮምጣጤና በሙስካዴ እስኪመጥ ይበስልና ቅቤ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይመታል፣ ከወንዝ አሳም ጋር ይቀርባል። ክሌማንስ ለፌቭር የተባለች የአካባቢው ወጥ ቤት ሌላ ስጎ ስትሠራ የእንቁላል አስኳል ረስታ በስሕተት ፈጠረችው ይባላል። ቅባቱ ከባድ ነው፤ ወይኑ ግን አፍን ያጥባል። ከቀይ ሥጋ ጋር ይጠፋል፣ አይሞከር። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ይጠጣል፤ መስል የተባለውን ሌላ ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ የሚቀቅል ሰው አንድ ብርጭቆ ድስቱ ውስጥ ይጨምርና የቀረውን ገበታ ላይ ያቀርበዋል።