«ሲስተር፣ ሉርድ ከደረስን በኋላ መድኃኒት ለምን?»

ነርስ ነኝ። ፈረንሳይ ወደምትገኘው ሉርድ፣ እመቤታችን ዋሻ ውስጥ ወደተገለጠችበትና ምንጭ ወደፈለቀበት የካቶሊኮች የንግደት ቦታ፣ ከታማሚ ተሳላሚዎች ጋር ስመላለስ ዓመታት ተቆጥረዋል። በየጉዞው፣ ገና ሻንጣ ሳይፈታ፣ አንድ ሰው ጠጋ ይልና ያንኑ ይጠይቀኛል። «ሲስተር፣ እመቤታችን ደጅ ደርሰን ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት አይሆንም?» አይሆንም! ስንቴ እንደመለስኩት አላስታውስም። ዛሬ በጽሑፍ ልመልሰው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሉርድ በስህተት ከሚነገሩት ቀለል ያሉትን ላስቀድም።

«የሉርድ ውሃ ይሸጣል።» በነጻ ነው። ዋሻው አጠገብ ካሉት ቧንቧዎች ትቀዳላችሁ። ሱቅ ውስጥ ገንዘብ የምታወጡት ለመያዣው ነው።

«ውሃው ውስጥ የሚፈውስ ማዕድን አለ።» የለም። ምንጩ በተገኘበት በ1858 ተመርምሮ ተራ የምንጭ ውሃ መሆኑ ታውቋል።

«ካቶሊክ ያልሆነ አይገባም።» ይገባል። ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ የለም።

«በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ማዳረስ አለብን።» ይሄኛው ለታማሚ አደገኛ ነው። ሌሊቱን በአውሮፕላን ተቀምጦ ያደረ ሰው፣ እግሩ አብጦ፣ በቀጥታ ወደ ዋሻው ይሮጣል። ከዚያ ቅዳሴ፣ ከዚያ ኑዛዜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ደግሞ የሻማው ዑደት። በማግስቱ ከአልጋው መነሳት ያቅተዋል። ዑደቱ በንግደቱ ወቅት በየምሽቱ አለ፤ አያመልጣችሁም። የመጀመሪያውን ቀን ብሉ፣ ጠጡ፣ ተኙ። ካላስቻላችሁ ከጋቭ ወንዝ ማዶ ቁጭ ብላችሁ ዋሻውን እያያችሁ መቁጠሪያ ድገሙ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አብረውን የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የደረስን ዕለት መርፌያቸውን ሻንጣቸው ሥር ደበቁት። «እማማ፣ ተወጉ?» ስላቸው «አዎ ልጄ» ይሉኛል፤ አምናቸዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ዑደቱ መሃል፣ ዊልቸራቸው ላይ ተዝለፈለፉ። አፋቸው ደርቋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ የት እንዳሉም አያውቁም። አምቡላንስ ጠራን። ስንት ዓመት የተመኙትን ንግደት ግማሹን ሆስፒታል ተኝተው አሳለፉት። ሲነቁ እጄን ያዝ አድርገው «እምነቴ እንዳይጎድል ብዬ ነው ልጄ» አሉኝ። አለቀስኩ። እንዲህ ብሎ ያስተማራቸው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እስቲ ቤርናዴትን ተመልከቱ። እመቤታችን በ1858 18 ጊዜ የተገለጠችላት የ14 ዓመት ልጅ አስም ነበረባት። ምንጩን በእጇ ጭራ ያወጣችው እሷ ናት፤ አስሙ ግን አልለቀቃትም። በኋላ ኔቨር ገዳም ገብታ የታመሙ እህቶችን ታስታምም ነበር። የእኔን ሥራ ማለት ነው። በ1879፣ በ35 ዓመቷ፣ በቲቢ ብዙ ተሰቃይታ አረፈች። በ1933 ቅድስት ተባለች። «ያልተፈወሰ እምነት የጎደለው ነው» የምትሉኝ፣ እሷን ምን ልትሏት ነው?

ሌላም አለ። ሲስተር ቤርናዴት ሞሪዮ የምትባል ፈረንሳዊት ገዳማዊት ለብዙ ዓመታት በጀርባ ነርቭ ሕመም ተሰቃይታለች። በ2008 ወደ ሉርድ ስትመጣ ሞርፊን ትወስድ ነበር። ድንገት የዳነችው ሉርድ ላይ አይደለም፤ ወደ ገዳሟ ከተመለሰች በኋላ ነው። በ2018 70ኛው ተአምር ተብሎ ታወጀ። መድኃኒት እየወሰደች መምጣቷ ምንም አልከለከላትም። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን አንዳች ነገር ካልተሰማን ብለው ተስፋ ለሚቆርጡም ይህንኑ ነው የምነግራቸው።

ፈውስ አግኝተናል ብለው ለሉርድ የሕክምና ቢሮ ያመለከቱ ከ7000 በላይ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ የተቀበለችው እስከ 2025 72ቱን ብቻ ነው። ሐኪሞቹ የምርመራ ውጤትና የሕክምና ታሪክ ይጠይቃሉ፤ ማጣራቱም ዓመታት ይወስዳል። «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ካህንም ሐኪምም እዚያ አላጋጠመኝም። ይህን የሚሉት አብረውን የሚጓዙ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለመሄድ የምታስቡ፣ እባካችሁ ስሙኝ። መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ የተጫነ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ ኢንሱሊን ደግሞ በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ይበላሻል። ከቆይታችሁ ቀናት በላይ የሚበቃ ያዙ። የሐኪም ማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ዋና ስም (የንጥረ ነገሩ ስም) ይጻፍ፤ የንግድ ስሙን የፈረንሳይ ፋርማሲስት ላያውቀው ይችላል። አብሯችሁ ላለው ነርስ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ፣ ያቋረጣችሁትንም ጭምር። ማንም አይቆጣችሁም።

ጠዋት ወደ ዋሻው ስንወርድ ቧንቧዎቹ ጋ እንቆማለን። ታማሚዎቼን ክኒናቸውን የማስውጣቸው በዚያው ውሃ ነው።