የጀርባ ማጣሪያና የጦር መሣሪያ ምዝገባ አንድ አይደሉም

በአሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ የሚቀርቡትን የጦር መሣሪያ ምዝገባ ረቂቅ ሕጎች ከምንቃወም ሰዎች መካከል ብዙዎች «ምዝገባ በፌዴራል ሕግ ስለተከለከለ ረቂቁ በራሱ ጊዜ ይወድቃል» ሲሉ ደጋግሜ ስለሰማሁ፣ ይህንን ነጥብ ማጥራት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ የሚከለክለው የፌዴራሉ መንግሥት በአዲስ ደንብ አጠቃላይ የመሣሪያና የባለቤቶች መዝገብ እንዳያቋቁም ነው፤ ክፍለ ግዛቶችን ግን አያስርም። ሃዋይና ዋሽንግተን ዲሲ ባለቤቶች መሣሪያቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያስገድዱትም ይህ ክልከላ ስለማይመለከታቸው ነው።

ለምሳሌ አንድ የቨርጂኒያ ነዋሪ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲገዛ የጀርባ ታሪኩ፣ ማለትም መሣሪያ እንዳይገዛ በሕግ የተከለከለ ሰው መሆን አለመሆኑ፣ ይጣራል፣ የሞላውም ቅጽ በነጋዴው ዘንድ ይቀመጣል፤ ይህ ማጣሪያ እንጂ ምዝገባ አይደለም። ያው ሰው መኖሪያውን ወደ ዲሲ ቢያዛውር ግን ሽጉጡን በከተማዋ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታው ይሆናል።

የሚመዘገበው የመሣሪያ ዓይነት፣ የጊዜ ገደቡና ቅጣቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የየረቂቁን ጽሑፍ ራሱን ማንበብ ያስፈልጋል። ረቂቅ እስካልጸደቀ ድረስ በማንም ላይ ግዴታ አይጥልም። እኔ ምዝገባን የምቃወመው ሸክሙ የሚያርፈው ሕግ አክባሪ በሆነው ባለቤት ላይ እንጂ መሣሪያውን በሚደብቀው ወንጀለኛ ላይ አይደለም ብዬ ስለማምን ነው፤ ስለዚህ ይህንን ምክንያት በምክር ቤቱ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ ላይ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ አስቀድሞ፣ ለእንደራሴዎቻችን በግልጽ ማስረዳት አለብን።