ከአውሮፕላን አደጋ በኋላ ጫካ ውስጥ ብቻዋን የተረፈችው ልጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 1971 ከሊማ ወደ ፑካልፓ ይበር የነበረ የላንሳ አየር መንገድ አውሮፕላን በፔሩ አማዞን ላይ መብረቅ መታውና አየር ላይ ተበታተነ። ከተሳፈሩት 92 ሰዎች በሕይወት የተገኘችው ዩሊያነ ኮፕከ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ብቻ ናት። ከመቀመጫዋ ጋር እንደታሰረች 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወደቀች። ከነቃች በኋላ 11 ቀን ጫካ ውስጥ ቆየች። ታሪኳ እስከ ዛሬ ይወራል። ሲወራ ግን ይዛባል፤ የተዛባውን አምኖ የሚሞክረው ሰው ደግሞ ሊሞት ይችላል።

«ያተረፋት ዕድል ብቻ ነው»

መሬት እስክትደርስ ድረስ፣ አዎ። አብረው የተያያዙት መቀመጫዎች፣ ወደ ላይ የሚነፍሰው የማዕበሉ ነፋስና ጥቅጥቅ ያለው የዛፍ ቅርንጫፍ ፍጥነቷን እንደቀነሱላት ይገመታል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ወላጆቿ የእንስሳት ተመራማሪዎች ነበሩ። ከ14 ዓመቷ ጀምሮ እዚያው አማዞን ውስጥ፣ ፓንጓና በሚባለው የምርምር ጣቢያቸው ኖራለች። የጫካውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች። ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ፣ መነጽሯ ጠፍቶ፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ ቀርቷት መንገድ መምረጥ የቻለችው በዚህ ነው።

«መጀመሪያ የሚፈለገው ምግብ ነው»

አይደለም። ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ጥቂት ቀናት ነው። ዩሊያነ ያገኘችው ምግብ አንድ ከረጢት ከረሜላ ብቻ ነበር። ውሃ በአጠገቧ ካገኘችው ጅረት ጠጣች፤ የማታውቀውን ፍሬ አልነካችም። የማያውቁትን ፍሬ ወይም እንጉዳይ መቅመስ ከረሃቡ ቀድሞ ይጥላል።

«የሚያስፈራው ትልቁ አውሬ ነው»

ነብር ይበላኛል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብርዱን ይረሳል። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ፣ በሞቃት አገር ጫካም ቢሆን ርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ይጨርሳል። ከዚያ ቁስል ይመጣል። በዩሊያነ ክንድ ላይ በነበረው ቁስል ዝንብ እንቁላል ጥላበት ትል ፈላ። በጅረቱ ውስጥ ስትሄድም ቢሆን ይበልጥ የተጠነቀቀችው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ለሚተኛውና ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ላለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ስለዚህ መሬቱን በእንጨት እየነካካች ሄደች፤ ውሃው ጥልቅ ሲሆን ደግሞ መሀሉን ይዛ ዋኘች።

«ከጠፋህ ወንዝ ተከተል»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ዩሊያነ አባቷ እንዳስተማራት ትንሿን ጅረት ይዛ ወደ ትልቁ ወንዝ ወረደች፤ በመጨረሻም ሰው ያሠራው መጠለያ አገኘች። ይህ እውነት ነው። ግን ለሁሉም ቦታ የሚሠራ ሕግ አይደለም። በተራራማ አገር ወንዝ ፏፏቴና ገደል ላይ ይጥላል። እሷ በዚያ አካባቢ ሰው ወንዝ ዳር እንደሚኖር ታውቅ ነበር። የፈላጊ አውሮፕላኖችን ድምፅ እየሰማችም ከዛፉ ጥቅጥቅታ የተነሳ ሊያዩአት አልቻሉም፤ በኋላ ድምፁም ጠፋ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ከስብርባሪው አለመራቅ ነው። ፈላጊ መጀመሪያ የሚያየው አውሮፕላኑን እንጂ ሰውን አይደለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2023 ኮሎምቢያ አማዞን ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ አራት ሕፃናት ተርፈው ነበር፤ ትልቋ 13 ዓመቷ ነው። ፈላጊዎች ስብርባሪውን ያገኙት በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ልጆቹ ግን ከዚያ ርቀው ስለነበር የተገኙት ጁን 9 ነው። በመሀሉ የአያታቸው ድምፅ በራሳቸው ቋንቋ ተቀርጾ ከሄሊኮፕተር ይለቀቅላቸው ነበር፤ «ባላችሁበት ቆዩ» የሚል። እነዚያንም ልጆች ያቆያቸው ከቤተሰባቸው የተማሩት የጫካ ዕውቀትና ከአውሮፕላኑ ያወጡት የካሳቫ ዱቄት ነው።

«ቁስል ላይ ቤንዚን ማፍሰስ መድኃኒት ነው»

ዩሊያነ መጠለያው አጠገብ ቤንዚን አግኝታ ቁስሏ ላይ አፈሰሰች፤ ትሎቹም መውጣት ጀመሩ። አባቷ በውሻቸው ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርግ አይታ ነበር። ቤንዚን ግን ሥጋን ያቃጥላል፤ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት ሊገባም ይችላል። ሌላ ምንም ስላልነበራት ነው ያደረገችው። ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ያለው ሰው በጭራሽ እንዳይሞክረው።

«ከዚያ በኋላ ጫካ ዞራ አላየችም»

መጠለያውን ባገኘች ማግስት እንጨት ቆራጮች መጥተው አገኟት። በአውሮፕላኑ አብራት የነበረችው እናቷ ግን ሞታለች፤ ኀዘኑም ሆነ ቅዠቱ ለዓመታት አልለቀቃትም። ሆኖም ተመልሳ ፓንጓና ገባች። የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው እዚያው በሚኖሩ የሌሊት ወፎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አባቷ ሲሞቱ ጣቢያውን ተረከበች፤ በ2011 ደግሞ የፔሩ መንግሥት ፓንጓናን የተጠበቀ ሥፍራ አድርጎ አጸደቀው።