«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የሸረሪት ነው የሸማኔ?

ይህ ተረት ሲነገር ለብዙ ሰው የሚታየው ሸረሪት ነው። አይገርምም፤ የሸረሪት ድር ያላየ የለም። እኔ ግን አቃቂ ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ ተረቱን ለሸማኔ እሰጠዋለሁ።

«ያስር» ማለት «ያስራል» ነው፤ ከ«ቢያብር» ጋር ቤት እንዲመታ ጫፉ ተቆርጧል። ቁም ነገሩ ያለው «ድር» ላይ ነው። በሽመና በቁመት የሚወጠረው ፈትል ድር፣ በመወርወሪያ ሆድ ገብቶ አግድም የሚመላለሰው ደግሞ ማግ ይባላል። ታዲያ ተረቱ ማግን ለምን አልጠራም? ማግ ከዳር ዳር ቢመላለስም ያው አንድ ክር ነው፤ ከማን ጋር ያብራል? ድር ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ተወጥሮ፣ ጎን ለጎን የተሰለፈ ብዙ ክር ነው። ውጥረቱን የሚችለውም እሱ ነው።

አቃቂ ይህን በፋብሪካ ልክ አይታዋለች። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ያለፈው በእርሷ በኩል ነው። ሐዲዱ፣ ወንዙና ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው አውራ ጎዳና አንድ ላይ ስለተገኙ ፋብሪካዎች መንገዱን ተከትለው በቀሉ። የሕንዱ የቢርላ ኩባንያ በ1950ዎቹ በሽርክና ያቋቋመውና ሰው «ኢንዶ ኢትዮጵያ» የሚለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንዱ ነው። በጥር 1967 ዓ.ም. ደርግ 72 ድርጅቶችን ሲወርስ የብዙ ፋብሪካ ባለቤት ተለወጠ፤ ፈረቃው ግን ቀጠለ።

ከሽመና ክፍል ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን ነገሩን ቡና ላይ አሳይተውኛል። ከጋቢያቸው ዘርፍ አንድ ክር መዘው በሁለት ጣት በጠሱት። ቀጥለው ዘርፉን በእፍኝ ጠቅልለው፣ «በል ልጄ፣ ሳብ» አሉኝ። ሳብኩት፤ እሳቸው ከነዱካቸው ተንሸራተቱ እንጂ ዘርፉ ንቅንቅ አላለም። ለካ ዘርፍ ራሱ ከጥለቱ አልፎ የተንጠለጠለ የድር ጫፍ ነው! ማሽኑ ላይ ደግሞ ድር እንዳይበጠስ አስቀድሞ ስታርች ይጠጣል፤ ከሁሉ አንዲቱ ከተበጠሰች ማሽኑ ይቆማል፣ ሠራተኛው ቀጥሎ ያስነሣዋል።

አንበሳውስ? ስል ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ፈረቃ ሲለወጥ የሚወጣውና የሚገባው ሰው፣ ጥጥ ጸጉሩ ላይ እንዳለ፣ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ይሞላው ነበር። ሽቅብ የሚመጣው ተሳቢ ቢያጓራም፣ ጡሩምባውን ቢነፋም፣ የመጨረሻዋ ሠራተኛ እስክታልፍ ቆሞ ይጠብቃል።